የዐለት ዕድሜ በአቶም መፈራረስ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? የኦሞና የሐዳር አመዶች ታሪክ

የድንቅነሽ ዕድሜ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በሀገራችን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ከወዴት መጣ፣ ማን ቈጠረው፣ በምንስ ተቈጠረ ተብሎ ጥያቄው ቢቀጥል መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው «ሊቃውንት በመሣሪያ አይተውት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው መልስ ቍጥሩን በአደራ መቀበል እንጂ ማወቅ አይደለም። ታሪክ የሚማር ሰው የአንድን ዜና መዋዕል ዘመን ከመቀበሉ በፊት ጸሐፊው ማን እንደ ነበረና ከማን እንደ ሰማ እንደሚመረምር ሁሉ፣ የድንጋይንም ምስክርነት እንዲሁ መመርመር ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአቶም መፈራረስ እንደ ሰዓት ሆኖ እንዲያገለግል ያደረገው ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ፣ አንድ ጊዜም እንዴት ብርቱ ክርክር እንዳስነሣ፣ ክርክሩም በሀገራችን በኦሞ ሸለቆ በተገኘ ማስረጃ እንዴት ወደ መፍትሔ እንዳዘነበለ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምድር ዕድሜ ጥያቄ

የምድርን ዕድሜ ለማወቅ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ጥሯል። በሀገራችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ብለው ይቈጥራሉ። በአየርላንድ የነበረው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ሆነ ብሎ ጽፎ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከመጻሕፍት የተሰበሰቡ ቍጥሮች ናቸው። ከድንጋዩ ከራሱ ለመጠየቅ የተነሡት የ19ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም ውስጥ እጅግ የታወቀው የእንግሊዝ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ነው። ኬልቪን ምድር በመጀመሪያ ቀልጣ እንደ ነበረች አሰበና፣ አሁን ያላት ሙቀት እስኪደርስ ድረስ ለመቀዝቀዝ ስንት ዘመን እንደሚፈጅባት አሰላ። በ1897 የሰጠው የመጨረሻ ግምት ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ነበር። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህ ዘመን ለእነርሱ እጅግ እንደሚያንስ ቢያውቁም፣ በሒሳብ የቀረበ ነገር ስለ ሆነ በቀላሉ ሊያፈርሱት አልቻሉም።

ዳሩ ግን ኬልቪን ይህን ግምት ከመስጠቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1896፣ አንሪ ቤከሬል የተባለ ፈረንሳዊ የዩራኒዩም ጨው ብርሃን ሳይነካው የፎቶግራፍ ሳሕን የሚያጠቍር ጨረር እንደሚያወጣ አግኝቶ ነበር። በ1898 ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ኩሪ ፖሎኒዩምንና ራዲዩምን አገኙ። በ1903 ፒየር ኩሪና አልበር ላቦርድ ራዲዩም ያለማቋረጥ ሙቀት እንደሚሰጥ አስታወቁ። እንግዲህ ኬልቪን ምድር ሙቀቷን ከማጣት በቀር ዐዲስ ሙቀት አታገኝም ብሎ የተነሣበት መሠረት ተናጋ። በኋላ ዘመን ደግሞ የምድር ውስጠኛው ክፍል በዝግታ የሚዘዋወር በመሆኑ፣ የኬልቪን ዋናው ጉድለት ይህን አለማሰቡ እንደ ነበረ ታውቋል።

አቶም አያረጅም

ለጕዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት የተደረገው በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ በ1902 ኤርነስት ራዘርፎርድና ፍሬደሪክ ሶዲ ራዲዮአክቲቭ የሆነ ነገር ጨረር በሚያወጣበት ጊዜ አቶሙ ራሱ ወደ ሌላ ዓይነት አቶም እንደሚለወጥ አስረዱ። ይህም ለውጥ የማይዛነፍ ሕግ አለው። አንድ አቶም መቼ እንደሚፈርስ ማንም ሊናገር አይችልም፤ አቶሞቹ እልፍ አእላፋት ሲሆኑ ግን ከመካከላቸው በአንድ ዘመን ውስጥ የሚፈርሰው እጅ ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ሰው ዕድሜው በገፋ ቍጥር ወደ ሞት ይቀርባል። አቶም ግን አያረጅም፤ ዛሬ የተፈጠረውና ከቢሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠረው ነገ ለመፍረስ ያላቸው ዕድል እኩል ነው። ከዚህ የተነሣ ለእያንዳንዱ ዓይነት አቶም «ግማሽ ዕድሜ» የሚባል ልክ አለው። ይኸውም ከነበሩት አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈርሱ የሚያልፈው ዘመን ነው። ይህን ልክ በዐለት ውስጥ የሚገኝ ሙቀት፣ ግፊትም ሆነ ማንኛውም የኬሚስትሪ ውሕደት ዕድሜያችንን ሊያዛባ በሚችል መጠን አይለውጠውም። ሰዓት ለመሆን የተስማማውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ራዘርፎርድ ይህ ነገር ዐለትን ለመቍጠር እንደሚያገለግል ፈጥኖ አስተዋለ። በ1907 አሜሪካዊው በርትራም ቦልትውድ በማዕድን ውስጥ ያለውን ዩራኒዩምና ከእርሱ መፈራረስ የሚገኘውን እርሳስ አወዳድሮ፣ ከ400 ሚሊዮን እስከ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሚደርሱ ዕድሜዎችን አሳተመ። ቍጥሮቹ በኋላ ብዙ እርማት ቢያስፈልጋቸውም የኬልቪንን ግምት ጨርሰው አለፉት። ከዚያም እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ገና በወጣትነቱ ይህን ሥራ ያዘና በ1913 ስለ ምድር ዕድሜ መጽሐፍ አወጣ። በመጨረሻም በ1956 አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን የእርሳስ ዓይነት መርምሮ የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አሳወቀ። ይህ ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ አልተለወጠም።

የተመረገው ጋን

ዩራኒዩምና እርሳስ ለጥንታዊ ዐለት መልካም ሚዛን ቢሆኑም ለሰው ልጅ ታሪክ ግን ሁልጊዜ አይመቹም። በ1949 ዊላርድ ሊቢ በካርቦን 14 የሞተ እንጨትና ዐጥንት የሚቈጠርበትን መንገድ አቀረበ፤ ለዚህም በ1960 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5730 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ የሚለካ ያህል አይተርፍም። በካርቦን የድንቅነሽን ዕድሜ ለመለካት መሞከር ሊፈጽሙት የማይቻል ነገር ነው።

ለዚህ ሰፊ ዘመን የተገኘው መሣሪያ ፖታሲዩም ነው። በዐለት፣ በአፈርና በገዛ አካላችን ውስጥ ካለው ፖታሲዩም ከአንድ ሚሊዮን አቶሞች 117 ያህሉ ፖታሲዩም 40 የሚባሉት ራዲዮአክቲቭ የሆኑት ናቸው። ግማሽ ዕድሜያቸው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሱት ውስጥ ከመቶ 89 ያህሉ ወደ ካልሲዩም ሲለወጡ፣ 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40 ይለወጣሉ። አርጎን ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ስለ ሆነ፣ ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ይወጣል፤ ዐለቱ ሲቀዘቅዝና ሲጠነክር ግን በፌልድስፓር ቅንጣቶች ውስጥ ይታሰራል።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን አፉ ክፍት ሳለ ትንፋሹ ሁሉ ይወጣል፤ በጭቃ ከተመረገ በኋላ ግን ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ ይጠራቀማል። በቀን ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው፣ የተጠራቀመውን ለክቶ ጋኑ የተመረገበትን ቀን ሊናገር ይችላል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ነገር የነበረውን አርጎን ይለቃል፤ ቅንጣቱ ሲቀዘቅዝ ጋኑ ተመረገ ማለት ነው። ስለዚህ የምንለካው ዐጥንቱን አይደለም፤ ከዐጥንቱ በላይና በታች የተነጠፈውን አመድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ሁሉ በልቡ እንዲይዘው እወዳለሁ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ግማሽ ዕድሜውን ይዘን ብናሰላ፣ በ3.18 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ የፖታሲዩም 40 አቶሞች የሚፈርሱት 176 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም አርጎን የሚሆኑት 19 ያህል ናቸው። በዚያ ላይ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ አርጎን ስላለ፣ ከአየር የገባውን ለይቶ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ተቋቍመው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጃክ ኤቨርንደንና ጋርኒስ ከርቲስ በታንዛኒያ ከኦልዱቫይ ሸለቆ የመጣውን አመድ ለኩና በ1961 ከሉዊስ ሊኪ ጋር 1.75 ሚሊዮን ዓመት የሚል ውጤት አወጡ። ከዚያ አስቀድሞ ሊኪ ለዚያ ስፍራ የገመተው 600 ሺህ ዓመት ያህል ስለ ነበረ፣ የሰው ዘር ታሪክ በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል ረዘመ።

የኒውክሌር ምድጃ አገልግሎት

በዚህ መካከል ሌላ ታሪክ ተፈጽሞ ነበር። በ1938 መጨረሻ በበርሊን ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒዩም በኒውትሮን ሲመታ ለሁለት እንደሚሰነጠቅ የሚያሳይ ምልክት አገኙ፤ ሊዘ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽም ትርጕሙን ተረዱ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በቺካጎ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ የመጀመሪያውን የኒውክሌር ምድጃ አስነሡ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የዚህ ዕውቀት ፍሬ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ ወደቀ። ነገር ግን ያው ምድጃ፣ ያው ኒውትሮን፣ ለዐለት ቈጠራም አገለገለ። በ1966 ክሬግ ሜሪሁና ግሬንቪል ተርነር ባወጡት ዘዴ፣ የዐለቱ ቅንጣት በምድጃው ውስጥ ይገባና በኒውትሮን ይደበደባል፤ ከተራው ፖታሲዩም 39 ጥቂቱ ፕሮቶን አጥቶ አርጎን 39 ይሆናል። በዚህ ዓይነት ፖታሲዩሙም አርጎኑም ከአንዱ ቅንጣት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጋዝ መልክ ይለካሉ። ቀድሞ ፖታሲዩሙ ከአንዱ ቍራጭ፣ አርጎኑ ከሌላው ቍራጭ ይለካ ስለ ነበር፣ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። በኋላም የሌዘር ብርሃን ሲጨመርበት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታህለውን ፌልድስፓር ብቻዋን ለመለካት ተቻለ።

የቱርካና ክርክር

ዐዲሱ መሣሪያ ግን ወዲያው ከፈተና ላይ ወደቀ። በ1969 ኬይ ቤረንስማየር የተባለች ወጣት የሥነ ምድር ተመራማሪ በኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ በኩቢ ፎራ፣ የድንጋይ መሣሪያዎች በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ አገኘች። አመዱም በስሟ ኬ.ቢ.ኤስ. ተብሎ ተሰየመ። ናሙናው ወደ እንግሊዝ ሀገር ተላከና ፍራንክ ፊችና ጃክ ሚለር ለኩት። የመጀመሪያው ውጤት ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆነ! ይህ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነበርና፣ አመዱ ከጥንታዊ ዐለት ፍርፋሪ ጋር የተደባለቀ መሆኑን ተረድተው የተሻሉ ቅንጣቶችን መርጠው በዐዲሱ ዘዴ እንደገና ለኩና በ1970 2.6 ሚሊዮን ዓመት አሉ።

በ1972 በርናርድ ንጌኔዮ የተባለ ኬንያዊ ከዚሁ አመድ በታች 1470 የሚል ቍጥር የተሰጠውን የታወቀ የራስ ቅል አገኘ። ሪቻርድ ሊኪም ዕድሜውን ወደ 2.9 ሚሊዮን ዓመት አድርሶ ለዓለም አስታወቀ። ቅሉ ሰፊ አንጐል የነበረው ስለ ሆነ፣ ቍጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ በሌላ ስፍራ የተገኙት ትንሽ አንጐል የነበራቸው ፍጥረቶች ብዙዎቹ ከሰው የዘር ሐረግ መውጣታቸው ነበር። እንግዲህ በአንድ አመድ ልኬት ላይ የሰው ዘር ታሪክ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል።

ተቃውሞው የመጣው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከዐሣማ ጥርስ ነው። ከ1967 ጀምሮ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ከሐይቁ በስተሰሜን በኢትዮጵያ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ይቈፍሩ ነበር። በዚያ ሹንጉራ የሚባለው ስፍራ ከ700 ሜትር በላይ የሚወፍር፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ምድር አለው፤ በየንጣፉ መካከልም አመድ አለ። አመዶቹን ፍራንክ ብራውን ለካቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ሥርዓት የያዘ ሆኖ ተገኘ። ባዚል ኩክ የተባለው የአራዊት ቅሪት ሊቅ ደግሞ በእነዚህ ንጣፎች ውስጥ የአንድ ዓይነት ዱር ዐሣማ መንጋጋ ጥርስ ዘመን ባለፈ ቍጥር እየረዘመ መሄዱን አሳየ። በኩቢ ፎራ ከኬ.ቢ.ኤስ. አመድ በታች የተገኙት ዐሣማዎች ጥርሳቸው ሲታይ ግን፣ በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ንጣፍ ከሚገኙት ጋር ተመሳሰለ። ሐይቁ ያው፣ ሸለቆው ያው ሆኖ ሳለ፣ በኬንያ በኩል ያለው ዐሣማ ከኢትዮጵያው በ600 ሺህ ዓመት ቀድሞ ተለወጠ ማለት የማይመስል ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ጋርኒስ ከርቲስና ባልደረቦቹ በ1975 ከ2 ሚሊዮን ዓመት የሚያንስ ዕድሜ አቀረቡ። ሌሎች ደግሞ ዩራኒዩም በዚርኮን ቅንጣት ውስጥ ሲሰነጠቅ የሚተወውን ጭረት ቈጥረው በ1976 የቀድሞውን ቍጥር የሚደግፍ 2.44 ሚሊዮን ዓመት አገኙ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ሌላውን ይደግፋል ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ቱሬ ሰርሊንግና ፍራንክ ብራውን ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር የአመዱን የመስተዋት ፍርፋሪ በኬሚስትሪ መርምረው፣ ኬ.ቢ.ኤስ. በሹንጉራ ኤች 2 ከሚባለው አመድ ጋር አንድ ፍንዳታ መሆኑን አሳዩ። በ1980 የጭረቱ ቈጠራ በጥንቃቄ ተደግሞ 1.87 ሚሊዮን ሰጠ። በዚያው ዓመትና በ1981 በአውስትራሊያ፣ በካንቤራ፣ ኢያን ማክዱጋል በሁለቱም የአርጎን መንገዶች ለክቶ 1.88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አረጋገጠ። ክርክሩ ዐሥር ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ አበቃ።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? አቶሙ ሕጉን አላፈረሰም። ጥፋቱ ከናሙናው ነበር። የዘንድሮ ጤፍ ከካቻምናው ጋር በአንድ ጎተራ ከተደባለቀ፣ ከጎተራው አንድ እፍኝ ዘግኖ የመከሩን ዓመት መናገር እንደማይቻል ሁሉ፣ ወንዝ ያመጣው የጥንት ፍርፋሪ ከአመዱ ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ቍጥር የማንም ዕድሜ አይሆንም። ያውም ቍጥሩ በነጥብ ተከፋፍሎና ተስተካክሎ ስለሚቀርብ፣ አንባቢውን እርግጠኛ የሆነ ያስመስለዋል።

ሐዳርና ድንቅነሽ

ከዚህ የተገኘው ትምህርት በሐዳር ጠቀመ። ድንቅነሽ በኅዳር 1974 በዶናልድ ጆሃንሰን ስትገኝ፣ የሥነ ምድሩን ጥናት ሞሪስ ታዬብ ይመራው ነበር፤ የዐለቶቹንም ልኬት በክሊቭላንድ ጄምስ አሮንሰን ያካሂድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሐዳር የተሰጡት ዕድሜዎች በ3 ሚሊዮንና በ3.6 ሚሊዮን መካከል ይዋዥቁ ነበር። በ1982 ፍራንክ ብራውን በሐዳር ሲዲ ሐኮማ የሚባለው አመድ በቱርካና ቱሉ ቦር ከሚባለው ጋር አንድ መሆኑን በኬሚስትሪ አመለከተ። አንድ ፍንዳታ ከአፋር እስከ ቱርካና ድረስ ምድሩን በአመድ እንደ ሸፈነና፣ የሁለቱ ሀገር ድንጋዮች አንዱ ለሌላው ምስክር እንደሚሆን እዚህ ላይ እናያለን። በመጨረሻ በ1994 ሮበርት ዎልተር ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ በሌዘር እያቀለጠ፣ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው የቃዳ ሐዳር አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን አወጣ። እንግዲህ ድንቅነሽ ከዚህ በጥቂት ታንሳለች። የሁላችንም አፍ የለመደው 3.2 ሚሊዮን ከዚህ የተጠጋጋ ነው።

ይህ ዓይነት ሥራ አላቋረጠም። በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት በ2005 195 ሺህ ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ በ2022 ግን ከቅሪቱ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ትልቅ ፍንዳታ ጋር አንድ መሆኑ በኬሚስትሪ ስለ ታወቀ፣ ቅሪቱ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ነው ተብሏል፤ ይህም 22 ሺህ ያህል ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። ከቍጥሩ ጋር ይህ የመዛነፍ ልክ ሁልጊዜ ሊጻፍ ይገባዋል፤ እርሱን የተወ ጸሐፊ ግማሹን እውነት ትቷል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ የአቶም ሰዓት ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ሰዓቱ የሚናገረው ስለ ተሰጠው ቅንጣት ብቻ ነው፤ ያ ቅንጣት ከወዴት እንደ ተነሣና ከዐጥንቱ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው የሚናገረው ምድሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ነው። የቱርካናን ክርክር ያዘነበለው ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ በኦሞ ፀሐይ ንጣፍ በንጣፍ የተለቀመ የዐሣማ ጥርስ ጭምር ነው። ስለዚህ ፊዚክስና ሥነ ምድር፣ ሥነ ሕይወትና ታሪክ ተለያይተው ሊሄዱ አይችሉም።

ሁለተኛ፣ አመዱ የእኛ፣ ሸለቆው የእኛ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ልኬቶች የተሠሩት በክሊቭላንድ፣ በበርክሌይ፣ በካንቤራና እነዚህን በመሳሰሉ የሩቅ ከተሞች ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ዶክተር ጊዳይ ወልደገብርኤል በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በሥነ ምድር ሊቅነት ሲሠሩ፣ በመካከለኛው አዋሽ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተሰጠውን የአራሚስን ምድር ካጠኑት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበሩ። ሎስ አላሞስ የአቶም ቦምብ የተሠራበት ስፍራ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው፣ አንድ ዕውቀት ለምን ለምን እንደሚውል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልገውም። የአራሚስ ሥራ የሚያሳየን መንገዱ ለኢትዮጵያዊ ዝግ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ከመካከላችን የፊዚክስ ተማሪው ወደ ምድሩ፣ የታሪክ ተማሪው ወደ ላቦራቶሪው ጥቂት ቢጠጋ፣ የገዛ ምድራችንን ዕድሜ ከሌላ አፍ ሰምተን የምንደግም ብቻ ሳንሆን፣ መዝነን የምንቀበል፣ ሲያስፈልግም መዝነን የምናርም እንሆናለን።